ከጉሮሮ እስከ ልብ፦ በአዋሽ ሸለቆ ያልተቆጠሩት ሕሙማን

(በፋኩልቲው የሕዝባዊ ገለጻ መርሐ ግብር ሰመራ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ገለጻ የልብ ሕክምናን ታሪክ ይመለከታል። የምቀርበው እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ታሪክ ተማሪ ነው፤ ስለሆነም ስለ ሕመሙ የምናገረው ታሪኩን ለመረዳት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይሆናል። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ አሳስባለሁ።

የታሪክ ሰው ሰነድ ሲያገላብጥ ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣል። አንደኛው «ምን ተጽፏል?» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «ያልተጻፈው ለምን ሳይጻፍ ቀረ?» የሚለው ነው። በአገራችን የልብ ሕክምና ታሪክ ውስጥ የአፋር አርብቶ አደር ሴት የምትገኘው በሁለተኛው ጥያቄ ሥር ነው። ወደ ሆስፒታል መዝገብ የሚገባው ሆስፒታሉ በር ላይ የደረሰ ሕመምተኛ ነው። ያልደረሰችው አልተጻፈችም፤ አለመጻፏም ብዙ ጊዜ አለመታመሟን የሚያሳይ ይመስል ተነቧል። የዛሬው ገለጻ ዋና ሐሳብ እንዲህ የሚል ነው፦ በልብ ሕክምና ላይ የሚታየው ልዩነት የሚፈጠረው በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አይደለም። የሚፈጠረው ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ አንዲት ልጅ ጉሮሮዋን ታማ ማንም ሳይመረምራት በቀረችበት ቀን ነው። ልዩነቱን ማጥበብ የሚቻለውም ከዚያው ከመነሻው ሲጀመር ነው።

ሕመሙ ከጉሮሮ ይነሣል

በበለጸጉት አገሮች ስለ ልብ ሕመም ሲነገር በቅድሚያ የሚታሰበው በጎልማሳነትና በእርጅና ዘመን የሚከሰተው የልብ ደም ሥር መጥበብ ነው። በእኛ አገር ግን የልጆችንና የወጣቶችን ልብ በብዛት ሲጎዳ የኖረው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ በጉሮሮ ላይ የሚያስከትለው ሕመም ነው። አብዛኞቹ ልጆች ቶንሲል ታመው ይድናሉ። በጥቂቶቹ ላይ ግን ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ የሰውነት የመከላከያ ኃይል የራሱን አካል ማጥቃት ይጀምራል። ትኩሳት ይነሣል፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያብጣል፤ ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። መገጣጠሚያው ውሎ አድሮ ይድናል፤ ልብ ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል። የጉሮሮው ሕመም በተደጋገመ ቁጥር የልብ ቫልቮች እየደደሩ ይጠባሉ፣ ወይም በትክክል መዘጋት ያቅታቸዋል።

ለዚህ ሕመም ሕዝባችን የራሱ ስያሜና የራሱ ሕክምና ነበረው። መገጣጠሚያን የሚያመው «ቁርጥማት» ወይም «ብርድ» ተብሏል። የልጅ ጉሮሮ ሲያብጥ ደግሞ እንጥል ማስቆረጥ በብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች የተለመደ ነበር። ይህን ልማድ ድንቁርና ብሎ ብቻ ማለፍ ስሕተት ይመስለኛል። ልማዱ አደገኛ ነው፤ ነገር ግን ወላጆች የጉሮሮ ሕመም በቸልታ የሚታለፍ እንዳልሆነ ተገንዝበው እንደነበር ያሳያል። ያልነበራቸው ትክክለኛው መድኃኒት ነው።

መድኃኒቱ ከታወቀ 70 ዓመታት አልፈውታል። በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት፣ ዋረን በተባለ የአየር ኃይል ሰፈር በወታደሮች ላይ ተካሂዶ በ1950 የታተመ ጥናት የጉሮሮ ሕመምን በፔኒሲሊን በወቅቱ ማከም የቁርጥማት ትኩሳትን እንደሚከላከል አረጋገጠ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ደግሞ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የተባለው በሰውነት ውስጥ ለረዥም ጊዜ የሚቆይ መርፌ ሥራ ላይ ዋለ። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጥ አንድ መርፌ፣ አንድ ጊዜ የታመመን ልጅ ዳግመኛ እንዳይታመም ይጠብቀዋል። ስለዚህ የዚህ ሕመም ታሪክ ከ1950ዎቹ ወዲህ የዕውቀት ማነስ ታሪክ መሆኑ አብቅቷል፤ የመድረስና ያለመድረስ ታሪክ ሆኗል።

ማዳመጫው የት ነበር?

በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በሐሩር አገሮች ሕክምና ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት ነበር፤ ይኸውም የቁርጥማት ትኩሳት የቀዝቃዛ አገሮች ሕመም ስለሆነ በሞቃት አገሮች እምብዛም አይገኝም የሚል ነው። ይህ እምነት የተመሠረተው በምርመራ ብዛት ላይ አልነበረም። በቆላ የሚሠራ ሐኪም ትኩሳት ሲያይ አስቀድሞ ወባን ያስባል፤ ሳልና ድካም ሲያይ የሳንባ ነቀርሳን ያስባል። ከልብ የሚመነጭ የትንፋሽ ማጠርም በእነዚህ ሕመሞች ጥላ ሥር ሊያልፍ ይችላል።

በአገራችን ዘመናዊ ሕክምና የተስፋፋበትን መንገድ ከዚህ ጋር አያይዘን እንመልከት። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከዚያ ጅማሮ በመነሣት የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተመሠረተ። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ በ1964 ደግሞ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈቱ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ አዲሱ ፋኩልቲ የመጡት ብሪታንያዊው ሐኪም ኤልድሪድ ፓሪ በኢትዮጵያ ስላለው የልብ ሕመም ተከታታይ ጥናቶችን አካሄዱ። ከእነዚህ አንዱ በ1968 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት የታተመ ሲሆን፣ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚነሣ አነስተኛ የደረት ራጅን በመጠቀም የልብ ሕሙማንን መለየት እንደሚቻል የሚመረምር ነበር። ሐኪሞቹ በሽተኛው እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ለመፈለግ መነሣታቸው ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁንና ራጅ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ኤሌክትሪክም ከተማ ይፈልጋል። ሕሙማን የሚገኙት መሣሪያው ባለበት ነው።

በ1989 ዶክተር በላይ አበጋዝ የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበርን መሠረቱ። በዚያን ጊዜ የልብ ቀዶ ሕክምና በአገር ውስጥ ስላልነበረ ሕፃናቱ ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ይታከሙ ነበር። ከ20 ዓመታት ጥረት በኋላ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ይህ ተቋም የብዙ ልጆችን ሕይወት አትርፏል፤ የአገር ኩራትም ነው። ለእኛ ርእስ ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ከዚህ ከሰመራ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ወደ 590 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከአዋሽ ከተማም ቢሆን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወረፋው ላይ ለመድረስ አስቀድሞ አንድ ሰው የልጅቱን ደረት ማዳመጥ፣ የሰማውን ድምፅ መጠራጠር፣ የሪፈራል ወረቀት መጻፍና ቤተሰቡን ማሳመን አለበት። ይህ ሰንሰለት ከአንዱ ቀለበቱ ላይ ሲበጠስ፣ ማዕከሉ በሩን ከፍቶ ቢጠብቅም ልጅቱ አትደርስም።

በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ሲፈለግ ምን ያህል እንደሚገኝ አሳይቷል። ተመራማሪዎች በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውንና በእኛ ጅማ ምንም ምልክት የማይታይባቸውን 4,720 ተማሪዎች በልብ አልትራሳውንድ መረመሩ። ከ1,000 ልጆች መካከል በኬፕታውን 20.2፣ በጅማ 30.5 የሚሆኑት የሩማቲክ የልብ ሕመም ተገኘባቸው። እነዚህ ልጆች እስከዚያች ቀን ድረስ ጤነኞች ነበሩ፤ ቢያንስ በማንም መዝገብ ላይ ሕሙማን አልነበሩም። የጅማ ቁጥር ለአፋር አይበደርም፤ የአፋር ቁጥር በአፋር መቆጠር አለበት። ትምህርቱ ግን የጋራ ነው፦ ዝምታ የጤንነት ማስረጃ አይሆንም። በተጨማሪም ጥናቱ የተካሄደው በተማሪዎች ላይ መሆኑን ልብ እንበል። ፍየል እየጠበቀች ወይም ውኃ እየቀዳች ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ እንዲህ ባለው ምርመራም አትገኝም።

ሸለቆው፦ ሐዲድ፣ ጥጥና ከብት

አሁን ወደ አዋሽ ሸለቆ ልመለስ። የሸለቆው ዘመናዊ ታሪክ በሦስት ነገሮች ሊጠቃለል ይችላል። መጀመሪያ ሐዲዱ መጣ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር መስመር በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ፣ በመንገዱ ላይ የባቡር ጣቢያን ተከትላ የበቀለችው አዋሽ ሰባት ኪሎ የነጋዴዎችና የመንገደኞች ከተማ ሆነች። ቀጥሎ ውኃው ተገደበ። የቆቃ ግድብ በ1960 ተጠናቀቀ፤ በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው አሥር ዓመት በተንዳሆና በዱብቲ፣ በመካከለኛው አዋሽም ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተዘረጉ። ለእርሻ የተመረጠው መሬት አርብቶ አደሩ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ ሲመጣ አፋሮች የደረሰባቸው እልቂት የከፋው መሸሻቸው ስለተወሰደ ጭምር መሆኑን በርካታ የታሪክና የኢኮኖሚ ጸሐፊዎች አስረድተዋል።

ይህ ለልብ ሕክምና ታሪክ ምን ፋይዳ አለው? ፋይዳው ሁለት ነው። አንደኛ፣ የስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚዛመተው ሰዎች ተጠጋግተው በሚኖሩበትና በሚተኙበት ስፍራ ነው። ግጦሹን ያጣ ቤተሰብ በከተማ ዳርና በእርሻ ካምፕ ዙሪያ ሲሰፍር፣ ከደጋ የመጡ የጉልበት ሠራተኞችም በየካምፑ ሲታጨቁ፣ ለበሽታው ምቹ ሁኔታ ይፈጠራል። በቅርቡ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለው በመጠለያ መኖር ሲገደዱም ይኸው ሥጋት አብሮ ይኖራል። ሁለተኛ፣ ዘመናዊ ሕክምና ወደ ሸለቆው የመጣው ሐዲዱንና እርሻውን ተከትሎ ነው። ሕክምናው ሠራተኛው ባለበት ቆመ፤ ከብቱን ተከትሎ ለሚንቀሳቀሰው ሕዝብ ግን መንገድ ላይ የሚገኝና የሚታለፍ ቤት ሆነ።

ቋንቋችንም የዚህ ታሪክ ምስክር ነው። በቀድሞ ዘመን ጽሑፎች ይህ ሕዝብ «ዘላን» ይባል ነበር፤ ቃሉ ቦታ የሌለው፣ ሊቆጠርም የማይችል ሰው የሚል አንድምታ ተሸክሟል። ኋላ «አርብቶ አደር» ተባለ፤ ክልሉም ከሶማሌ፣ ከጋምቤላና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጋር «ታዳጊ ክልል» ተብሎ ተመደበ። የስያሜው መታረም ተገቢ ነው። ነገር ግን «ይንቀሳቀሳሉ፣ ስለዚህ አይደረስባቸውም» የሚለው አስተሳሰብ ከስሙ ጋር አብሮ አልተቀየረም።

ይህን አስተሳሰብ ታሪክ ራሱ ያፈርሰዋል። በ1976 በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በደቡብ ምሥራቁ ቆላ፣ በአርብቶ አደሮች ምድር ነው፤ የዘመቻው ሠራተኞች ሰፈር ለሰፈር እየተከታተሉ ደርሰዋል። ከዚህም የሚቀርበን የከብቶች ታሪክ አለ። የዳልጋ ከብት ደስታ በሽታ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የአገሪቱን ከብት ፈጅቶ ለክፉ ቀን የዳረገን መቅሠፍት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ በሽታው በኢትዮጵያ ከቀሩት የመጨረሻ መሸሸጊያዎች አንዱ የአፋር ቆላ ነበር። ክትባቱ ሙቀት የማይችል ስለነበር በረዶ ይዞ በመኪና የሚመጣው ቡድን ከመንገድ ርቆ መሄድ አይችልም ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተዘጋጀ። ከዚያም በ1994 ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡና የሠለጠኑ የማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ክትባቱን ተሸክመው በእግራቸው ከብቱ ወዳለበት ሄዱ። በሽታው በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 ነው፤ በ2011 ደግሞ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ለዓለም ታወጀ።

ውድ ተማሪዎች፤ በዚህ ታሪክ ላይ ጥቂት እንቆይ። በዚሁ በረሃ፣ በዚሁ ሙቀት፣ ከዚሁ ሕዝብ ጋር ሳይንስ ላሚቱ ዘንድ መድረስ ችሏል። መድኃኒቱ ለሙቀቱ እንዲስማማ ተደረገ፤ መርፌውን የሚወጋው ሰው ከማኅበረሰቡ ተመረጠ፤ ሥራው የከብቱን ጉዞ ተከተለ። ላሚቱን የምታልበው ሴት ልብ ግን እንዲህ ያለ ዘመቻ አልተነሣለትም። «መድረስ አይቻልም» የሚለው ቃል፣ ታሪኩ ሲመረመር፣ «ለመድረስ አልተወሰነም» ማለት ሆኖ ይገኛል።

ሴቷና እርግዝናዋ

ስለ ሴቶች የልብ ሕክምና በዓለም ላይ የተነሣውን ክርክር በአጭሩ ላስታውስ። በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት የልብ ሕመም የወንድ ሕመም ተደርጎ ስለሚቆጠር ሴቶች በምርምርም በሕክምናም ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። በ1991 የአገሪቱን ብሔራዊ የጤና ተቋም የመሩት ሐኪም በርናዲን ሂሊ ይህንን በይፋ ተቹ፤ በ1993ም ሴቶችና አናሳ ማኅበረሰቦች በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ የሕክምና ምርምር ውስጥ እንዲካተቱ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። የዚያ ክርክር ሕመም የደም ሥር መጥበብ ነበር፤ የእኛው የቫልቭ ሕመም ነው። በመሠረቱ ግን ችግሩ አንድ ነው፦ መለኪያው የተቀረጸው በሌላ ሰው አካልና አኗኗር ላይ ነው።

በሩማቲክ የልብ ሕመም ሴቶች ከወንዶች ይበልጣሉ። ኢትዮጵያ በተካተተችበት፣ በ14 አገሮች 3,343 ሕሙማንን በመዘገበ ዓለም አቀፍ ጥናት ከሕሙማኑ 66.2 በመቶው ሴቶች ነበሩ፤ የመካከለኛው ሕመምተኛ ዕድሜ 28 ዓመት ነበር። ይህ የወሊድ ዕድሜ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሴት ደም መጠን ከ40 በመቶ በላይ ይጨምራል። የጠበበ ቫልቭ ያላት ሴት እስከዚያ ድረስ ሕመሟን ሳታውቅ ልትኖር ትችላለች፤ በእርግዝናዋ ሁለተኛ አጋማሽ ግን ልቧ የጨመረውን ደም ማሳለፍ ያቅተዋል። ትንፋሽ ያጥራታል፣ እግሯ ያብጣል፣ ጋደም ስትል ሳል ይነሣባታል። እነዚህ ምልክቶች ከእርግዝና ድካምና ከደም ማነስ ጋር ስለሚመሳሰሉ በቀላሉ ይታለፋሉ። በዚሁ ጥናት በወሊድ ዕድሜ ላይ ካሉት ሴቶች የእርግዝና መከላከያ ይጠቀሙ የነበሩት 3.6 በመቶ ብቻ መሆናቸው፣ የልብ ሕክምናና የእናቶች ጤና አገልግሎት ምን ያህል ተለያይተው እንደሚሠሩ ያሳያል።

ይህን ወደ አፋር እናምጣው። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በአዲስ አበባ 97 በመቶ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ 26 በመቶ፣ በአፋር 15 በመቶ ያህል ነበሩ። በቤቷ የወለደችና በወለደች ማግስት ትንፋሿ አጥሮ ያረፈች እናት ሞት «በወሊድ» ተብሎ ይወሳል፤ ልቧ አይጠረጠርም። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በደጋው በሴት ሠራተኞች ላይ ሲመሠረት፣ በአፋርና በሶማሌ የተማሩ ሴቶች ቁጥር አነስተኛ ስለነበር ወንዶችም እንዲመለመሉ ሆነ። አስፈላጊ መፍትሔ ነበር፤ ሆኖም ሴት ደረቷን ገልጣ በማዳመጫ ለመመርመር በወንድ ባለሙያ ፊት የምትቸገርበት ባህል እንዳለ እናውቃለን። ባለሙያው አማርኛ፣ እርሷ አፋርኛ ብቻ ሲናገሩ ደግሞ ባሏ ወይም ወንድሟ ያስተረጉማል፤ በአስተርጓሚ ፊት የሚነገረውም የሚነገር ያህል ብቻ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል ተረት አለን። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ሕመሟን የደበቀችው ሴቷ አይደለችም፤ በምትመልስበት ሁኔታ የጠየቃት አልነበረም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ልዩነቱ የማይቀር ዕጣ አለመሆኑን ሦስት ምሳሌዎች ያስረዳሉ። የመጀመሪያው ከአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ነው። በ1960ዎቹ በከተማዋ ድሀ ሰፈሮች ለሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ሰፈራቸው ውስጥ የተሟላ የጤና አገልግሎት ተከፈተ። ሊዮን ጎርዲስ በ1973 ባሳተሙት ጥናት አገልግሎቱ በተሰጠባቸው ሰፈሮች የቁርጥማት ትኩሳት በ60 በመቶ ቀንሶ ተገኘ፤ በቀረው የከተማው ክፍል ግን አልተለወጠም። ሰፈሩ ሀብታም አልሆነም፤ የልብ ሆስፒታልም አልተሠራለትም። የጉሮሮ ሕመምን የሚያክም ሰው ቀረበለት እንጂ።

ሁለተኛው የኩባ ነው። በፒናር ዴል ሪዮ አውራጃ ከ1986 እስከ 1996 በተካሄደ መርሐ ግብር ሕሙማን ተመዘገቡ፣ መርፌያቸውን በጊዜው መውሰዳቸው ክትትል ተደረገበት፣ ሕዝቡና ባለሙያው ተማሩ። አዲስ የሚያዙ ወጣቶች ቁጥር ከ100,000 ሰዎች ከ18.6 ወደ 2.5 ወረደ። ሦስተኛው የዩጋንዳ ነው። በ2021 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ሕመሙ ገና ምልክት ሳያሳይ በአልትራሳውንድ የተገኘባቸው 818 ልጆች ለሁለት ዓመት ተከታተሉ። በየወሩ ፔኒሲሊን ከተወጉት ሕመሙ የተባባሰባቸው 0.8 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተወጉት 8.2 በመቶ ነበሩ።

የፖሊሲ ሰነድም አላጣንም። በ2015 የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በሆነችው በዋና ከተማችን ባለሙያዎች ተሰብስበው ሕመሙን ከአፍሪካ ለማጥፋት ሰባት እርምጃዎችን የያዘ መግለጫ አወጡ፤ መግለጫው በከተማዋ ስም ይጠራል። በ2018ም የዓለም ጤና ጉባኤ በዚሁ ሕመም ላይ የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ።

ከባዱ ጥያቄ

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ መነሣቱ ተገቢ ነው። የከብት ክትባት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ያበቃል፤ ፔኒሲሊን ግን በየወሩ፣ ለብዙ ዓመታት ይሰጣል። ስለዚህ ንጽጽሩ አይሠራም ሊባል ይችላል። ተቃውሞው እውነት አለው። ነገር ግን ቀዶ ሕክምናን ብቻ አማራጭ ማድረግ ችግሩን አያቀለውም፤ እንዲያውም ያከብደዋል። በብረት ቫልቭ የታከመች ሴት ደሟ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት ዕድሜዋን በሙሉ መውሰድ፣ መጠኑም በደም ምርመራ እየተለካ መስተካከል አለበት። መድኃኒቱ ለፅንስ አደገኛ ነው፤ ማቋረጡ ደግሞ ለእናቲቱ አደገኛ ነው። የደም ምርመራው ከሚገኝበት ከተማ የብዙ ቀን መንገድ ርቃ ለምትኖር፣ ልጅ መውለድም ለምትፈልግ ወጣት ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ቀዶ ሕክምና ለታመሙት መብታቸው ነው፤ መስፋፋትም አለበት። ነገር ግን በላይኛው ጫፍ ብቻ የሚሰጥ ሕክምና በታችኛው ጫፍ የተፈጠረውን ልዩነት ይዞት ይወጣል።

ስለዚህ ከታሪኩ የሚመነጩ አራት ነጥቦችን ላስቀምጥ። አንደኛ፣ መቁጠር። በአፋር የሚሠራ የሕመምተኞች መዝገብ ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጃገረዶችንና ነፍሰ ጡር ሴቶችን ማካተት አለበት። ሁለተኛ፣ የልብ ምርመራን ከእርግዝና ክትትል ጋር ማያያዝ። በዱብቲ ሆስፒታልም ሆነ ሚሌ በሚገኘው የእናቶች ሆስፒታል አንዲት ሴት ለወሊድ ስትመጣ ልቧም የሚደመጥበት አጋጣሚ ነው። ሦስተኛ፣ መርፌውን ማቅረብ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው፤ ጥላው ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ማከማቻው ራሱ የሕክምናው አካል ነው። ከመርፌው ጋር የተያያዘ ፍርሃትም አለ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እንዳሳሰበው፣ ከመርፌው በኋላ የደረሱ አንዳንድ ሞቶች የመጡት ከአለርጂ ሳይሆን ልባቸው አስቀድሞ እጅግ ከተጎዳ ሕሙማን ድክመት ሊሆን ይችላል፤ ለእነዚህ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ሊታሰብ ይገባል። ባለሙያዎቻችን ይህን ልዩነት ካወቁ ለሌሎቹ መርፌውን ያለ ፍርሃት መስጠት ይችላሉ።

አራተኛውና የመጨረሻው የሰው ጉዳይ ነው። ከብቱን ያዳነው ከማኅበረሰቡ የወጣው ባለሙያ ነበር። አፋርኛ የምትናገር፣ የሠለጠነች ሴት ባለሙያ ለዚህ ሥራ ቁልፍ ናት። አፋር ከጥንት ጀምሮ ዳጉ የተባለ የመረጃ ልውውጥ ሥርዓት አለው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙና ስለ ሰው ደኅንነት በዝርዝር ይጠያየቃሉ፤ የሰሙትንም በታማኝነት ያስተላልፋሉ። ማን ወዴት እንደተጓዘ የሚያውቅ ሥርዓት ባለበት ምድር «ሕመምተኛዋ ጠፋች» ብሎ ካርድ መዝጋት የጤና ሥርዓቱ ድክመት እንጂ የሕዝቡ ተፈጥሮ አይደለም። የወር መርፌዋ የደረሰባት ልጅ የት እንዳለች ለማወቅ በዳጉ መጠየቅ ይቻላል።

በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች ብዙዎቻችሁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዚሁ ሸለቆ ባሉ ጤና ጣቢያዎች፣ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ትሠራላችሁ። አንዳንዶቻችሁም ስለዚሁ ሸለቆ የጥናት ጽሑፍ ትጽፋላችሁ። በመዝገቡ ላይ የሴቶች ስም ሲያንስ፣ የቆላው አምድ ባዶ ሲሆን፣ «እዚህ ይህ ሕመም የለም» ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት የጠየቀ ሰው ነበረ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልነበረ የመጀመሪያዎቹ ጠያቂዎች እናንተ ሁኑ።